የአእምሮ ሆስፒታል ፈቃድ በሌሊት ይፈተሽ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሎች የፈቃድና የእውቅና መስፈርት ሲወጣም ሆነ ሲሻሻል አብዛኛውን ጊዜ ለጠቅላላ ሆስፒታል የተዘጋጀው ቅጽ ይወሰድና መጨረሻው ላይ አንድ ሁለት ገጽ ይጨመርበታል። አልጋ ይቆጠራል፣ ክፍል ይለካል፣ የባለሙያ ቁጥር ይመዘገባል፣ ውኃና መብራት መኖሩ ይታያል። እነዚህ አያስፈልጉም አንልም። ነገር ግን በአእምሮ ሆስፒታል ሰው የሚጎዳው በአመዛኙ ሌላ ቦታ ነው፤ ሲታሰር፣ ማስታገሻ መርፌ ከተወጋ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት፣ ብቻውን መታጠቢያ ቤት ሲገባ፣ የሰውነት ሕመሙ "ከአእምሮው ነው" ተብሎ ሲታለፍ፣ ከሆስፒታል ከወጣም በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት። መስፈርቱ መነሣት ያለበት ከእነዚህ ነው። ፍተሻውም መደረግ ያለበት እነዚህ በሚደርሱበት ጊዜ፣ በሌሊትና በበዓል ቀን ነው።

ፈቃድና እውቅና ብዙ ጊዜ ሲቀላቀሉ እናያለን። ፈቃድ ግዴታ ነው። መንግሥት ይሰጠዋል፣ መንግሥት ይነጥቀዋል፤ የሚጠይቀውም ዝቅተኛውን ልክ ነው። እውቅና ወይም አክሬዲቴሽን ባብዛኛው ተቋሙ ራሱ ፈልጎ የሚያመለክትበት፣ ከሕንጻው ይልቅ አሠራሩን የሚመዝን፣ በብዙ አገር በየ3 ዓመቱ የሚታደስ ነው። እውቅና ያገኘ ሆስፒታል የመንግሥት ፍተሻ ይቅርለት የሚል ሐሳብ አልፎ አልፎ ይሰማል። አንስማማም። እውቅና ሰጪው ክፍያውን የሚቀበለው ከሚመዝነው ተቋም ስለሆነ ፍተሻው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የመንግሥትን ዓይን ሊተካ አይችልም።

ፈቃድ ወረቀት ብቻ ሲሆን ምን እንደሚከተል ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ላይፍ ኤሲዲመኒ በተባለው የግል የአእምሮ ሕክምና ተቋም ጉዳይ ታይቷል። የጋውቴንግ ክፍለ ሀገር ጤና መምሪያ ከተቋሙ ጋር የነበረውን ውል አቋርጦ ከሺህ በላይ የአእምሮ ሕሙማንን ሲያስወጣ ብዙዎቹን መንግሥታዊ ወዳልሆኑ ድርጅቶች ላካቸው። የአገሪቱ የጤና እንባ ጠባቂ ፕሮፌሰር ማሌጋፑሩ ማክጎባ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ባወጡት ሪፖርት ታካሚዎቹን የተቀበሉት 27ቱም ድርጅቶች የያዙት ፈቃድ ሕጋዊ ዋጋ እንደሌለው አረጋገጡ። በቀድሞው ምክትል ዋና ዳኛ ዲክጋንግ ሞሴኔኬ የተመራው የግልግል ሂደት እ.ኤ.አ. በ2018 ሲጠናቀቅ የሟቾቹ ቁጥር 144 ደርሶ ነበር። ሰዎቹ የሞቱት ሊታከም በማይችል ደዌ አልነበረም፤ ረሃብ፣ የውኃ ጥምና ብርድ ከምክንያቶቹ መካከል ነበሩ።

በእንግሊዝ የደረሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ዊንተርቦርን ቪው የተባለው፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነትና ኦቲዝም ያለባቸውን ሰዎች የሚያስተኛ የግል ሆስፒታል፣ ሕጋዊ ምዝገባ ነበረው። ሠራተኞቹ በታካሚዎች ላይ የሚፈጽሙት ግፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 በቢቢሲ የድብቅ ካሜራ ምርመራ ነው። ታካሚዎች በኃይል የተያዙባቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ አጋጣሚዎች ግን ቀድሞውንም በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ተጽፈው ይገኙ ነበር። ጎድሎ የነበረው መዝገቡን አንብቦ "ይህ ሁሉ ለምን?" የሚል ሰው ነው።

ማሰርንና ለብቻ ክፍል መዝጋትን በተመለከተ መስፈርቱ በሰዓትና በደቂቃ መጻፍ አለበት። "አስፈላጊ ሲሆን ብቻ" የሚል ሐረግ ማንንም አያስገድድም። በአሜሪካ ሃርትፎርድ ኩራንት የተባለው ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1998 ባካሄደው ምርመራ በአሥር ዓመት ውስጥ ታስረው ወይም ተዘግተው ሳሉ አልያም ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ የሞቱ 142 ሰዎችን ከቆጠረ በኋላ የፌዴራሉ ደንብ ጠበቀ። በዚህ ደንብ በአስጊ ጠባይ ምክንያት አዋቂን ለማሰር የሚሰጥ ትእዛዝ ከ4 ሰዓት አይበልጥም፤ ዕድሜው ከ9 እስከ 17 ለሆነ 2 ሰዓት፣ ከ9 ዓመት በታች ለሆነ 1 ሰዓት ነው። ማሰሩ በተጀመረ በ1 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ወይም ለዚሁ የሠለጠነ ባለሙያ ታካሚውን ፊት ለፊት ማየት አለበት። ትእዛዙ እየታደሰ ቢቀጥልም 24 ሰዓት ሲሞላ ሐኪም መጥቶ ሳይመረምር አዲስ ትእዛዝ አይጻፍም። "ካስፈለገ ይታሰር" የሚል ቀድሞ የተጻፈ ትእዛዝ ፈጽሞ ክልክል ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ወደ ሌላ አገር መስፈርት ሲገለበጡ የሚበላሹበት መንገድ አለ። 4 ሰዓት ጣሪያ መሆኑ ይቀርና ልክ ይሆናል። ታካሚው በ40 ደቂቃ ቢረጋጋም ሰዓቱ እስኪሞላ ታስሮ ይቆያል። ስለዚህ ትእዛዙ ላይ ታካሚው ምን ሲሆን እንደሚፈታ መጻፍ አለበት፤ ክትትል የሚያደርገው ሠራተኛም በየ15 ደቂቃው አሁን ቢፈታስ ብሎ መልሱን ከነምክንያቱ ማስፈር ይገባዋል። አያያዙም ራሱን የቻለ አደጋ አለው። በደረቱ የተደፋና ጀርባው ላይ ክብደት የተጫነበት ሰው መተንፈስ ያቅተዋል። አየር ፍለጋ ሲፍጨረጨር መፍጨርጨሩ እንደ ጠብ ተቆጥሮ ይበልጥ ይጫኑታል። ለዚህ ነው በእያንዳንዱ አያያዝ አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሳይኖረው ራስጌ ቆሞ ትንፋሹንና የፊቱን ቀለም ብቻ እንዲከታተል መስፈርቱ በግልጽ ማዘዝ ያለበት። ለብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ በታሰረ እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ገዳይ ነው። እጅና እግርን በየተራ እየፈቱ ማንቀሳቀስ፣ ውኃ ማጠጣት፣ ሽንት ቤት መውሰድ፣ የጣቶችን ሙቀትና ቀለም ማየት ሁሉም ሰዓት ተጽፎላቸው ፊርማ ይፈለግባቸዋል። ገመድ፣ ሰንሰለትና አንሶላ ማሰሪያ ሆነው የተገኙበት ተቋም በዚያች ቀን አዲስ ታካሚ የመቀበል ፈቃዱ መታገድ አለበት ብለን እናምናለን።

ማስታገሻ መርፌም የማሰር ታናሽ ወንድም ነው። ናይስ የተባለው የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ መርፌው ከተሰጠ በኋላ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ የአተነፋፈስ ፍጥነት፣ ሙቀት፣ የሰውነት ውኃ መጠንና የንቃት ሁኔታ ቢያንስ በየሰዓቱ ይለካል። ታካሚው ካንቀላፋ፣ ከመጠን ያለፈ መድኃኒት ከወሰደ፣ አልኮል ወይም ሌላ ዕፅ ከወሰደ ወይም ቀድሞ የሰውነት ሕመም ካለበት ክትትሉ በየ15 ደቂቃው ይሆናል። የሌሊት መዝገብ ላይ በብዛት የሚገኘው ግን "ተኝቷል" የሚል አንድ ቃል ነው። ቃሉ ልኬት አይደለም፤ ራሱን የሳተም ሰው ሲያዩት የተኛ ይመስላል። በጡንቻ የሚሰጠውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ኦላንዛፒንን ቤንዞዳያዜፒን ከተባለው የማረጋጊያ ዓይነት መርፌ ጋር በአንድ ጊዜ መስጠት ትንፋሽና የደም ግፊት ስለሚያዳክም በመካከላቸው ቢያንስ 1 ሰዓት መኖሩ መታየት አለበት። ሃሎፔሪዶል የተባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት አንገትና ዓይን ሊያጣምም ስለሚችል ማፍታቻው መድኃኒት በዚያው ክፍል መገኘት አለበት። ኦክስጅን፣ የአክታ መምጠጫና አምቡ ባግም (በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ የሚሰጥ ከረጢት) እንዲሁ። ሌሊት የፋርማሲው ቁልፍ እቤቱ ከሄደ ሠራተኛ ኪስ ውስጥ ከሆነ፣ በቅጹ ላይ "አለ" ተብሎ ምልክት የተደረገበት ዕቃ የለም ማለት ነው።

ፈታሹ ይህን ሁሉ እንዴት ያረጋግጣል? ጠይቆ አይደለም፤ መዝገብን ከመዝገብ በማመሳከር ነው። ያለፉትን 30 ቀናት የማሰሪያ መዝገብ፣ ፋርማሲው ለክፍሉ ያወጣውን የማስታገሻ አምፑል (የመርፌ ብልቃጥ) ብዛትና የታካሚዎቹን ካርድ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። ፋርማሲው 60 አምፑል አውጥቶ ካርዶቹ ላይ 35 ብቻ ከተጻፈ 25ቱ የት ገቡ? የማሰሪያው መዝገብ ባዶ ሆኖ የጥበቃ ሠራተኞች የተረኛ ደብተር "ወደ ወንዶች ክፍል ተጠርተን ሄድን" ካለ፣ ባዶው መዝገብ እውነቱን አልተናገረም። በየ15 ደቂቃው የሚሞላ የክትትል ቅጽ በ8 ሰዓት ፈረቃ 32 ፊርማ ይኖረዋል። 32ቱም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ የእጅ ግፊት፣ ልክ 2:00፣ 2:15፣ 2:30 እያሉ ከወረዱ ቅጹ የተሞላው ፈረቃው ሲያልቅ ወይም ገና ሳይጀመር ነው። እውነተኛ ክትትል ደቂቃው ይዘበራረቃል፤ መዘበራረቅም አለበት፣ ምክንያቱም ሰዓቱን አስቀድሞ የሚያውቅ ታካሚ ራሱን ለመጉዳት የሚበቃ ክፍተት ያገኛል።

ተቋማትን ለማነጻጸር ደግሞ ብዛት ሳይሆን ምጣኔ ያስፈልጋል። የተለመደው ስሌት በ1,000 የታካሚ ሰዓት ስንት የማሰሪያ ሰዓት አለ የሚለው ነው። 40 አልጋዎቹ ሁሉ የተያዙበት ሆስፒታል በ30 ቀን 28,800 የታካሚ ሰዓት አለው፤ በወሩ በድምሩ 36 ሰዓት ማሰር ከተመዘገበ ምጣኔው 1.25 ይሆናል። አዲስ መስፈርት በሥራ ላይ በዋለ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህ ቁጥር ከፍ ቢል አንድን ተቋም ለመቅጣት መቸኮል አይገባም፤ ቀድሞ የማይጻፈው መጻፍ ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

የሰው ኃይል መስፈርት በደመወዝ ዝርዝር ሲለካ ያሳስታል። አንድን የሥራ ቦታ ሌትም ቀንም፣ ሳምንቱን ሙሉ ለመሸፈን 168 ሰዓት ያስፈልጋል። አንድ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ 4.2 ሰው ማለት ነው፤ የዓመት እረፍት፣ ሕመምና ሥልጠና ሲታከል 5 ይጠጋል። ስለዚህ 20 ነርሶች አሉን የሚል ሆስፒታል በማንኛውም ሰዓት ያሉት 4 ናቸው። ሦስት ክፍሎች ካሉት ለየክፍሉ አንድ ነርስ ይደርሳል፤ አራተኛው ራሱን ሊያጠፋ ይችላል ተብሎ የሚሰጋ አንድ ታካሚ አጠገብ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ አንዱ ክፍል ውስጥ ጠብ ቢነሣ የሚጠራው ዘበኛ ነው። ታካሚ አያያዝ ያልሠለጠነ ዘበኛ እጁን እንዳያሳርፍ የሚከለክል መስፈርት ብቻውን አይሠራም፤ በየፈረቃውና በየክፍሉ መገኘት ያለበት ዝቅተኛ የሰው ቁጥር አብሮ ካልተጻፈ።

ወደ ሕንጻው ስንመጣ፣ ራስን ለመጉዳት ሊያገለግሉ የሚችሉ ነገሮችን አንድ በአንድ በጋዜጣ መዘርዘር አይገባም። አሠራሩ ግን ሊታወቅ ይገባል። መሐንዲስና የክፍሉ ነርስ አብረው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ እንዲሁም ከእያንዳንዱ እድሳት በኋላ፣ ክፍል በክፍል እየዞሩ የአደጋ ካርታ ይሠራሉ። ታካሚው ብቻውን የሚሆንባቸው ቦታዎች፣ በተለይ መኝታና መታጠቢያ፣ ከፍተኛውን ደረጃ ያገኛሉ። የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች መስፈርቱን ሲያስተካክሉ "ከአደጋ ነጥብ ነጻ" ማለትን ትተው "አደጋን የሚቋቋም" ወደሚል አገላለጽ ዞረዋል። ትክክል ነው፤ ፍጹም ነጻ የሆነ ክፍል የለም፣ አለ ብሎ ያመነ ሠራተኛም መከታተሉን ይተዋል። በሮች ታካሚው ከውስጥ ቢደግፋቸው እንኳ ወደ ውጭ መከፈት አለባቸው። መስኮቶች ከ10 ሳንቲሜትር በላይ እንዳይከፈቱ ይገደባሉ። የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ሌላው ሥጋት እሳት ነው። የኤሌክትሪክ ቁልፎች የእሳት ደወል ሲጮኽም ሆነ መብራት ሲጠፋ በራሳቸው መከፈት አለባቸው፤ የእጅ ቁልፍ ባለበት ደግሞ እያንዳንዱ ተረኛ አንድ አንድ መያዝ አለበት። የማምለጫ ልምምዱ በቀን፣ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ከተደረገ ምንም አልተፈተነም።

የሰውነት ጤና ላይ መስፈርቶች ቶሎ ያልፋሉ። እኛ ቆም እንድትሉበት እንጠይቃለን። የስኳር ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ ኢንፌክሽንና የሚጥል በሽታ የአእምሮ ሕመም መስለው ይመጣሉ። ስለዚህ ሙሉ የሰውነት ምርመራ ከመግቢያው ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲደረግ መጻፍ አለበት፤ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ የአእምሮ ሐኪም ግምገማው ራሱ በ60 ሰዓት ውስጥ እንዲጠናቀቅ ያዛል። ክሎዛፒን የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚሰጥ ተቋም በመጀመሪያዎቹ ወራት የነጭ የደም ሕዋስ ቆጠራ በየሳምንቱ ማድረግ መቻሉን ማሳየት አለበት፤ ካልቻለ መድኃኒቱን እንዲጀምር አይፈቀድለት። የመድኃኒቱ ተጠቃሚ የሆድ ድርቀትም በየቀኑ ይጠየቃል፤ አንጀትን ዘግቶ ይገድላልና። መድኃኒቱ ከ48 ሰዓት በላይ ከተቋረጠ በቀድሞው መጠን ሳይሆን ከ12.5 ሚሊግራም ይጀመራል። ሊቲየም የተባለው የስሜት ማረጋጊያ በደም ውስጥ ያለውን መጠን ለመለካት ደም የሚቀዳው የመጨረሻው ክኒን ከተወሰደ 12 ሰዓት በኋላ ነው። የተለመደው ስህተት የጠዋቱ ክኒን ከተዋጠ በኋላ መቅዳት ነው፤ ውጤቱ ከፍ ብሎ ይታይና ሐኪሙ ያለ ምክንያት መጠኑን ይቀንሳል፣ ታካሚውም ያገረሽበታል።

በኤሌክትሪክ የሚሰጥ ሕክምና ያለ ማደንዘዣና ያለ ጡንቻ ማላሊያ መሰጠት የለበትም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ በወሩ የተሰጠውን የሕክምና ብዛት ከወጣው የሱክሳሜቶኒየም (የጡንቻ ማላሊያው) አምፑል ብዛት ጋር ማነጻጸር።

የመብት ጉዳይ በሕግ በኩል መሠረት አለው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1991 የአእምሮ ሕሙማን ጥበቃ መርሆዎችን፣ በ2006 ደግሞ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን አጽድቋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ኳሊቲ ራይትስ የተባለው የመመዘኛ ሰነድም ከኮንቬንሽኑ ተነሥቶ በአምስት ርዕሶች ተቋማትን ይመዝናል። በተግባር ግን ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው፣ ቤተሰብ ስለፈረመ ብቻ ታካሚው "በፈቃዱ የገባ" ተብሎ ይመዘገባል። ሌላው፣ ያለ ፈቃዱ የገባ ሰው የማቆያ ትእዛዝ ጊዜው አልፎ ሰውየው እዚያው ይቀራል። ፈታሹ የሁሉንም ተኝቶ ታካሚዎች የትእዛዝ ማብቂያ ቀን በአንድ ወረቀት ይጠይቅ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልቀረበለት ሆስፒታሉ ማንን በምን ሥልጣን እንደያዘ አያውቅም።

መውጫውም የመስፈርቱ አካል ነው። ራስን የማጥፋት አደጋ ከሆስፒታል በወጡ የመጀመሪያ ቀናትና ሳምንታት ከፍተኛ ነው። የወጣ ታካሚ በ7 ቀን ውስጥ ባለሙያ አይቶታል ወይ የሚለው በብዙ አገር መለኪያ የሆነው ለዚህ ነው። "በተመላላሽ ይታይ" የሚል ማስታወሻ ቀጠሮ አይደለም፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና እስከዚያ የሚያደርስ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

ነጥብ አሰጣጡ ላይ በጣም እንከራከራለን። መስፈርቶችን እኩል ቆጥሮ አማካይ ማውጣት ትልቁ ስህተት ነው። ከ200 መስፈርት 190 ያሟላ ሆስፒታል 95 በመቶ ያገኛል፤ የጎደሉት አሥሩ ግን ሁሉም ስለ ማሰር፣ ስለ መርፌ ክትትልና ስለ ማቆያ ትእዛዝ ሊሆኑ ይችላሉ። የእንግሊዙ የሳይካትሪስቶች ሮያል ኮሌጅ የተኝቶ ሕክምና እውቅና መስፈርቶቹን በሦስት ዓይነት ይከፍላል። አንደኛው ዓይነት ካልተሟላ የታካሚን ደኅንነት፣ መብት ወይም ክብር አደጋ ላይ የሚጥል ነው። እነዚህ በሌላ ነጥብ የሚካካሱ መሆን የለባቸውም፤ አንዱ እንኳ ከጎደለ ተስተካክሎ እስኪታይ ድረስ አለማለፍ ነው።

ወድቆ የተገኘን ሆስፒታል በማግሥቱ መዝጋት መፍትሔ ይመስላል። ላይፍ ኤሲዲመኒ ያስተማረው ግን ታካሚን በችኮላ ማዛወር ራሱ እንደሚገድል ነው። ቅደም ተከተሉ ደንብ ውስጥ ይጻፍ፦ መጀመሪያ አዲስ ታካሚ መቀበል ማቆም፤ ቀጥሎ ቀን በተቆረጠለት ጊዜ ማስተካከል፤ አስፈላጊ ከሆነ ከውጭ አስተዳዳሪ መመደብ፤ መዝጋት ግድ ከሆነ ለእያንዳንዱ ታካሚ በስሙ የተዘጋጀ የዝውውር ዕቅድ፣ ሙሉ ካርድ፣ የ30 ቀን መድኃኒት፣ ተቀባዩ ቦታም አስቀድሞ በአካል መፈተሹ። "ማገገሚያ" ወይም "እንክብካቤ ቤት" የሚል ስም ለጥፎ ከደንቡ የሚያመልጥም እንዳይኖር ትርጓሜው በስም ሳይሆን በሥራ ይሁን። የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለእንክብካቤ ገብተው የሚያድሩበት ቦታ ሁሉ በፈቃድ ይገዛ፤ የሕንድ የ2017 የአእምሮ ጤና ሕግ የታማሚውን የቤተሰብ መኖሪያ ብቻ አስቀርቶ ትርጓሜውን በዚህ ስፋት አስቀምጦታል።

የፍተሻ ቡድኑ ውስጥ ከሐኪሙ፣ ከነርሱ፣ ከፋርማሲ ባለሙያው፣ ከመሐንዲሱና ከሕግ ባለሙያው ጋር ራሱ ተኝቶ የታከመ ሰው ይኑር። እሱ የሚጠይቀውን ሌላው አይጠይቅም። ስልክ የት ነው የሚደወለው? ሌሊት ሽንት ቤት ማን ይከፍታል? ሲፈሩ ማን ይሰማል? ታካሚዎችም ሠራተኛ በሌለበት ከቡድኑ ጋር ይነጋገሩ።

ከጋዜጣችሁ የምንጠይቀው አንድ ነገር አለ። የፍተሻ ሪፖርቶች ይፋ እንዲወጡ ጻፉ፤ ስለ አንድ የአእምሮ ሆስፒታል ስትዘግቡም ከአልጋ ብዛቱ በፊት እነዚህን አራት ቁጥሮች ጠይቁ፦ በ1,000 የታካሚ ሰዓት ስንት የማሰሪያ ሰዓት፣ ትናንት ሌሊት በየክፍሉ ስንት ነርስ፣ የማቆያ ትእዛዛቸው ያለፈባቸው ስንት ታካሚ፣ ከወጡት መካከል በ7 ቀን ውስጥ የታዩት ስንት በመቶ።

ከአክብሮት ጋር፣
በአእምሮ ሕክምና ተቋማት የጥራት ፍተሻ ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች